የሰርቨሩ መርዶ

ውድ ሄለን፣

ይህን ደብዳቤ ከቅቤው ጣሳ ሥር የደበቅሁት እናትሽ እንዳታየው ነው። ጣሳውን ላንቺ ብቻ በእጅሽ እንዲሰጥሽ ሾፌሩን ዋለን አደራ ብዬዋለሁ። እምቢ እንዳይለኝ "ለአራስ የተላከ ቅቤ መጀመሪያ ሌላ ሰው ከነካው ይበላሻል" የሚል አዲስ ባህል ፈጠርኩለት፤ አመነኝ። ስልክ እንዳልደውል፣ ስልክሽን የምታነሳው እናትሽ ናት። ድምፁን ከፍ አድርጋ ስለምታናግረኝ የምለውን ኮምቦልቻ በሙሉ ይሰማዋል።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽና ከዚያ እንደልማዴ እቀባጥራለሁ። አያትሽ ታመዋል። በሕይወት አሉ፤ ይህችን ቃል ደግመሽ አንብቢያት። ከመስቀል ወዲህ ግን ከአልጋ አልወረዱም። ሐኪሙ ልባቸው ደክሟል አለን፤ ከዚያ ያለፈውን አልተናገረም፣ እኛም አልጠየቅነውም። ቤተሰቡ ተሰብስቦ የልጅሽ ክርስትና እስኪያልፍ ድረስ እንዳይነገርሽ ተስማማ። "ከደነገጠች ወተቷ ይደርቃል" አለች እናትሽ። ስለዚህ "እማማስ?" ባልሽ ቁጥር ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል ትባያለሽ። እማማ አልታዬ በዚህ ሰሞን የተሳለሙትን ያህል ቤተ ክርስቲያን ጳጳስም አልተሳለመም።

እኔም ተስማምቼ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ያንቺ ሰርቨር ነው። አትሳቂ።

እዚህ አብረን ስንሠራ ቢሯችን ውስጥ ሁለት ሰርቨር ተክለሽ አንዱን መቅደላ፣ ሌላውን በወረዳችን ስም ቦረና ብለሽ ስም አውጥተሽላቸው የለም? መቅደላ በክረምቱ ሞተ። ይህኛውን መቅደላ የጣለው እንግሊዝ አይደለም፣ መብረቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ዶፉን ሲያወርደው አንዴ ብልጭ አለ፤ ክፍሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፣ አለቀ። ቦረና ግን ከጎኑ ሆኖ ምንም አልነካውም።

አንቺን እንጠይቅ ብዬ ስልኬን ሳወጣ ኃላፊያችን አቶ ምናለ እጄን ያዘኝ።

"ጋሽ ቢተው፣ ምን ሊሏት ነው?"

"ሰርቨርሽ ሞተ ልላት ነዋ።"

"ለአራስ? እንዲህ በድንገት?"

"ታዲያ ሽማግሌ ልላክ?"

አልሳቀም። የሒሳብ ክፍሎቹም፣ ዘበኛውም ከእሱ ጋር ሆኑ። "በእጇ ያቆመችው ነው፣ እንደ ልጇ ታየው ነበር፤ ትረፍ" ተባለ። ይኸውልሽ፣ በመካነ ሰላም የብረት ሳጥን ሞቶም መርዶው ይደበቃል።

ከዚያ ጣጣው መጣ። ኮምፒውተሮቹ ጠዋት ሲከፈቱ ፈቃድ ለማግኘት መጀመሪያ መቅደላን ይጠራሉ። አይመልስም። ይጠብቃሉ፣ ደግመው ይጠራሉ፤ ሲደክማቸው ወደ ቦረና ይዞራሉ። አቶ ምናለ "ከፍቼው ገበያ ደርሼ ስመለስ ገና እያሰበ አገኘዋለሁ" ይላል። ይባስ ብሎ የሻለም የምትባል አዲስ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ተቀጠረች፤ ስሟን ላስገባ ብል ማሽኑ አልቀበልም አለኝ። አዲስ ሰው የማስገባቱን ሥልጣን ለመቅደላ ሰጥተሽው ነበር፤ ቦረና ደግሞ ጨዋ ስለሆነ በታላቅ ወንድሙ ሥራ እጁን አያስገባም። ልጅቷ በሙከራ ጊዜዋ የተዘጋ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ጥፍሯን ስትቆረጥም ትውላለች። አቶ ምናለም "ይቺ ልጅ ሥራ አትወድም መሰለኝ" ማለት ጀመረ።

እንደምታውቂው እኔ ትምህርት ቤት የተማርኩት ኮምፒውተር የለም። ሬዲዮ ከመጠገን ተነስቼ፣ ካንቺ ትከሻ በላይ እያየሁ፣ የቀረውን ከቪዲዮ የለቀምኩ ሰው ነኝ። እንደገና ወደ ቪዲዮዬ ገባሁ። የገባኝ ነገር ይህ ነው፦ ሰርቨር ተሰናብቶ ሲሄድ ስሙን ራሱ አንስቶ፣ ሥራውን አስረክቦ ይሄዳል። በድንገት ሲሞት ግን ስሙ በሁሉም ዘንድ እንዳለ ይቀራል። የቀረው ሰርቨር ጓደኛው እንደሞተ አያውቅም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ መንገር አለበት።

ቦረና ያጋጠመውን ችግር የሚመዘግብበትን ቦታ ከፈትኩ። መቅደላን ጠራሁት፣ አልመለሰም ይላል። ጠራሁት፣ አልመለሰም። ገጹን ወደ ታች ብገፋው ብገፋው ያው ነው። እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሳሁ ሄለንዬ። አባትሽ ትዝ አለኝ።

ዓባይነህ ያረፈ ጊዜ አንቺ ፈተና ላይ ነበርሽ። ፈተናዋን እስክትጨርስ አይነገራት ተባለ። ለቅሶው ቤት ሰው ግጥም ብሎ ተቀምጦ ሳለ የወንድሜ ስልክ ጮኸ። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር። የሚያለቅሱትም ቀና አሉ። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ቆመ፤ ደግሞ ጀመረ። አንቺ እንደሆንሽ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከመሃላችን ተነስቶ ወደ ኮቱ የሄደ አልነበረም። በኋላ ነገሩን ስትሰሚ አንድ ጥያቄ ጠየቅሽኝ፦ "ጋሼ፣ ስደውል ትሰሙኝ ነበር?" እኔ፣ ለሁሉም ነገር ቀልድ የማላጣው ሰውዬ፣ ያን ቀን አፌ ተያዘ። አዎ፣ እንሰማሽ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮው ጭር ሲል ሥራውን ጀመርኩ። መጀመሪያ የመቅደላን ሥልጣን በሙሉ ለቦረና ሰጠሁት። ቀጥሎ የመቅደላን ስም ይዤ አጥፋ አልኩ። ማሽኑ ይህ ሰርቨር ለዘለዓለም እንደማይመለስ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ስሙን ያወጣሽለት አንቺ ስለሆንሽ ትንሽ ከበደኝ፤ አዎ አልኩት። ከዚያ የኮምፒውተሮች ስምና አድራሻ ከሚቀመጥበት ቦታ ገብቼ የቀረውን ፍለጋ ጀመርኩ። ስሙ ያልገባበት ጓዳ አልነበረም፤ እያንዳንዷን ለቅሜ አነሳኋት። አቶ ምናለ ሬሳውን ደሴ ወስዶ ሊያስጠግነው ያስብ ስለነበር ገመዱን ነቅዬ፣ ግንባሩ ላይ "ብነሳም እንዳትሰኩኝ" ብዬ ጻፍኩበት። አሁን ተመልሶ ቢመጣ ከቦረና ጋር በሥልጣን ይጣላሉ፤ እኔ ደግሞ አስታራቂ መሆን ሰልችቶኛል።

ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሮቹ ወዲያው ተከፈቱ። የሻለም ስሟን ጻፈች፣ ገባች። "ገባሁ" አለች ቀስ ብላ፣ የሚሰማት ሰው ያለ አልመሰላትም።

እኔ ግን ደስታዬ አልቆየም። ለብረት ያደረግሁትን ልጄን ነፍጌ ልቀመጥ ወይ የሚል ሐሳብ ያዘኝ። ማታውን እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል።

"ሄለን ደወለች?" አሉኝ፣ እንደ ዘወትራቸው።

እስካሁን "ተኝተሽ ሳለሽ ደውላ ነበር" ነበር መልሳችን። የዚያን ዕለት ወንበር ስቤ ተጠጋሁ።

"እማዬ፣ ሄለን መታመምሽን አታውቅም። እኛ ነን የደበቅናት። በደወለች ቁጥር ትጠይቅሻለች፤ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል እንላታለን።"

የሚቆጡኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

"እንዲያ ነው?" አሉ። "እኔ እኮ ልጅ ስትወልድ ረሳችኝ ብዬ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ።"

ከዚያ ትራሳቸውን ከፍ እንዳደርግላቸው ጠየቁኝ፤ አጥሚትም ጠጡ። ልጅሽ ማንን እንደምትመስል ጠየቁኝ። እኔን ብዬ ዋሸሁ። "ምስኪን" አሉ።

እንግዲህ አብሽሪ ልጄ። ማልቀስ ካለብሽ አልቅሺ፣ ወተትሽ አይደርቅም፤ የጤና ጣቢያዋን ነርስ ጠይቄያለሁ። ስታበቂ ይህን ደብዳቤ ለእናትሽ ስጪያት፤ የምትሰድበኝን ሁሉ ጥፋቴ ነው ብዬ እቀበላለሁ። ክርስትናውን ለምን እዚህ አናደርገውም? ቄሱን አነጋግሬያለሁ፣ ፈቃደኛ ናቸው። መንገዱ ጥሩ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ኮምቦልቻ ድረስ ራሴ መጥቼ ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ፤ ሾፌሩ ጉድጓድ ባየ ቁጥር እኔን ፈርቶ ቀስ ይላል።

የሚከብድሽ ከሆነ ግን አትምጪ፤ የሚቀየምሽ የለም። ደውይ ብቻ። በእኔ ስልክ ደውይልኝ። ስልኩን ጆሯቸው ሥር አድርጌ እይዝላቸዋለሁ፣ ክንዴ እስኪዝል። ዛሬ ከቢሮ ቀርቼ እዚሁ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። እሳቸውም አልተኙም።

አጎትሽ ቢተው
መካነ ሰላም