አክስቴን ከአውቶቡሷ ስላወረደው ክብ ምልክት

ለተከበሩት የፈጠራ ጽሑፍ መምህራችን፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ምን ሰንብቷል እያልኩ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለዓይንዎ ብርታትን፣ ለወንበርዎ ምቾትን፣ ለቀይ እስክሪብቶዎም ረጅም ዕድሜን እመኛለሁ፤ ለአንድ ተማሪ አንድ ቃል ብቻ የሚጽፍ እስክሪብቶ ያለ እኔ ምኞትም ለልጅ ልጅ እንደሚተርፍ ባውቅም። ይህን ደብዳቤ በትምህርት ክፍላችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ። በእጅዎ ብሰጥዎ ከሥሩ «ይሻሻል» ብለው እንዳይመልሱልኝ ፈርቼ ነው።

እንደሚያውቁት፣ በዓመቱ መዝጊያ ቤተሰብ በተሰበሰበበት እያንዳንዳችን አንድ ታሪክ እናነባለን፤ የሚነበበውም የእርስዎ ፊርማ ያረፈበት ብቻ ነው። እኔ የጻፍኩት ስላሳደገችኝ አክስቴ ነው። አክስቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት። በታሪኩ ውስጥ አውቶቡሷ መንገድ መሃል ቀጥ ይልባታል፤ እሷም ወርዳ ተሳፋሪውን ሁሉ፣ ከረባት ያሰረውን ሰውዬ ጭምር፣ እያሳቀችና እየተቆጣች ታስገፋለች። ለንባቡ ቀን የምታደርገውን ጫማ ገና ካሁኑ መርጣ አልጋዋ ሥር አስቀምጣ ነበር። እንግዲህ ቅሬታዎቼ፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፤ ስለ «ይሻሻል» አመሰግናለሁ። የመጀመሪያውን ጽሑፌን ሲመልሱልኝ ከሥሩ ያገኘሁት ይህችን ቃል ነው። ምኑ፣ እንዴት፣ ወደ የት የሚለውን ለእኔ መተውዎ ለተማሪ ነፃነት ያለዎትን ክብር ያሳያል። ሐኪሞችም ከእርስዎ ተምረው «ይዳን» ብቻ ብለው ቢያሰናብቱን ስንቱ በሽተኛ በራሱ መተማመን በጀመረ ነበር። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ስለ ባሕር ለጻፈችው ግጥም ያገኘችውም «ይሻሻል» ነው። ከኋላዬ ያለው ልጅ ደግሞ ታሪኩን ቤት ረስቶ፣ ስሙና ርዕሱ ያለበትን ሽፋን ብቻ አስረክቦ «ይሻሻል» ተብሏል፤ በእሱ ላይ እንኳ የተሳሳቱ አይመስለኝም።

ሁለተኛ፤ ስለ ክቡ ምልክት። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ አክስቴ ከአውቶቡሱ ወርዳ ማስገፋት የምትጀምርበትን አጭር አንቀጽ ዙሪያውን የከበበ ቡናማ ክብ ነበር። ከእርስዎ ዘንድ ከአንድ ቃል የበለጠ ነገር ያገኘ ተማሪ በክፍላችን ታይቶ ስለማይታወቅ ወሬው ኮሪደሩን አዳረሰው። የእርስዎን ዝምታና ጉሮሮ መጥረግ የሚፈታልን «ተርጓሚው» የምንለው ጓደኛችን፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንስቶ ሲያገላብጥ ከቆየ በኋላ፣ ክቡ «ይህ ይውጣ» ማለት ነው ብሎ ፈረደ። በቀይ አለመሆኑም፣ እንዲወጣ ሲያዙ እያዘኑ መሆኑን ለመግለጽ ነው አለ። እኔም አንቀጹን ከነአክስቴ አወጣሁት።

ሦስተኛ፤ በዚህ የተነሳ በሁለተኛው ጽሑፌ ውስጥ አውቶቡሱ ሹፌር የለውም። ሰው ይሳፈራል፣ አውቶቡሱ ይቆማል፣ ማንም ሳያዝ ይገፉታል፣ ማንም ሳይነዳው ይሄዳል፣ ሁሉም በሰላም ቤቱ ይገባል። እርስዎም ከሥሩ «ጥሩ መሻሻል» ብለው ጽፈው ፊርማዎን አኖሩበት። ሁለት ቃል በክፍላችን ክብረ ወሰን ስለሆነ ጓደኞቼ አቅፈው ሳሙኝ። አክስቴ ግን እራት ላይ አንብባው «እኔን ከመኪናዬ ማን አወረደኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። መምህሩ ናቸው አልኳት። «እሳቸው ካሉ ይሁና፣ የተማሩ ሰው ናቸው» ብላ ጫማውን ወደ ካርቶኑ መለሰችው። እዚህ ላይ መቀለድ አቃተኝ፤ በጣም ከፋኝ።

አራተኛ፤ ምክንያቱን ልጠይቅዎ ቢሮዎ ስመጣ፣ ቀና ባይሉም፣ «ግቢ» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ጠረጴዛዎ ላይ የአጠገቤ ልጅ አሻሽላ ያስገባችው የባሕር ግጥም ነበር፤ ግጥሙ ላይ ደግሞ የሻይ ብርጭቆዎ ተቀምጧል። ፉት ሊሉ ሲያነሱት፣ መሃሉ ላይ ያ የማውቀው ቡናማ ክብ ቁጭ ብሏል። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ። ተርጓሚው ያን ያህል የደከመበት ምልክት ሰሙም ሻይ፣ ወርቁም ሻይ ሆኖ ተገኘ። ለምን እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ «ሰላም ልልዎ ነው» ብዬ ወጣሁና ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። ልጅቷ ግጥሟ በተመለሰላት ቀን፣ የተከበቡትን ስንኞች ልትሰርዝ ስትል የደረስኩላት በሩጫ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ብርጭቆው ከእስክሪብቶው የተሻለ አስተማሪ ነው፤ እሱ ቢያንስ የትኛው አንቀጽ እንደሆነ ይጠቁማል።

አሁን ልመናዬ አንድ ነው። አክስቴን ወደ መሪዋ መልሻታለሁ፤ መጨረሻው ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ሞተሩ ሲነሳ፣ ከረባት ያሰረውን ሰውዬ መንገድ ላይ ትታው ትሄዳለች። ትመለስለት ወይስ አትመለስለት፣ እኔ አሁንም አላውቅም። «ትመለስ» ቢሉኝ እከራከርዎታለሁ፤ «አትመለስ» ቢሉኝም እከራከርዎታለሁ፤ የምፈልገውም ይህንኑ ክርክር ነው። «ሰነፍ ነሽ፣ መጨረሻው ላይ ቸኩለሻል» ቢሉኝ እንኳ ደስ ብሎኝ ቤቴ እገባለሁ፤ የትኛው መስመር ላይ እንደሰነፍኩ አውቃለሁና። «ይሻሻል» ግን ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኖብኛል። ስለዚህ ቢፈርሙልኝም ባይፈርሙልኝም፣ በዕለቱ የማነበው አክስቴ ያለችበትን ነው።

የሻዩን ነገር ስነግራት አክስቴ ጎኗን ይዛ ነው የሳቀችው፤ ጫማውም ወደ አልጋዋ ሥር ተመልሷል። ከመኪናዋ ያወረዳትን ሰው በአካል ለማወቅ ስለጓጓች፣ ወንበርዎን ከእሷ አጠገብ አድርገንልዎታል።

ለአንድ ቃልዎ ስትታዘዝ የኖረች፣ ለብርጭቆዎ ማረፊያ ዘመዷን የሰዋች፣
ገና ብዙ የምትሻሻለው ተማሪዎ፣
ከመስኮቱ ሥር፣ ሁለተኛው ረድፍ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ አዲሱን ጽሑፌን በቢሮዎ በር ሥር አስገብቼዋለሁ፤ በየገጹ በቀኝ በኩል ለብርጭቆው የሚበቃ ባዶ ቦታ ትቼለታለሁ። ስኳሩን ግን እባክዎ ይቀንሱት። ባለፈው የመለሱልኝ ወረቀት ጉንዳን ይዞ ነበር የመጣው፤ እነሱ እስከ መጨረሻው ገጽ ደርሰዋል።