የመህሬ ኮምፒውተር

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አባባ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ወርቅ አልፈልግም፤ መህሬ ኮምፒውተር ይሁንልኝ» ስለው የጎረሰውን እንኳ ሳይውጥ ተነሣ። ከዚያ እጁን ታጥቦ ወጣ።

ኒካሁ እሑድ ነው። ወሊዬ እሱ ነው። ሼሁ ፊት ሙሽራው የሚሰጠኝን መህር ጠርቶ «ልጄን ድሬልሃለሁ» የሚለው እሱ ነው። እሱ አልጠራም ካለ ሠርግ የለም።

ያሲን ግን እሺ ብሏል። እጮኛዬ መጋረጃ ሻጭ ነው፤ ከኮምፒውተር የሚያውቀው ማብሪያውን ብቻ ነው፣ እሱንም እጠራጠራለሁ። «ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ከምትጠይቂኝ የምትፈልጊውን ጠይቂኝ» አለ። በቃ፣ ይኸው ነው ያለው።

የአክስቱ ልጅ ሐሙስ ከዱባይ ይገባል። ዕቃዎቹን እየለቀመ በሻንጣው የሚያመጣልን እሱ ነው። ዝርዝሩ ዛሬ ከመግሪብ በፊት መላክ ስለነበረበት ሥራ ቦታ፣ ካርድ ክፍል ውስጥ፣ በታካሚ ካርድ ጀርባ ላይ ጻፍኩት። (የተበላሸ ካርድ ነው።)

ፕሮሰሰር፦ ጠንካራው። እዚህ ላይ አልሰስትም።
ማዘርቦርድ፦ ነገ ሌላ ነገር ልጨምር ብል ቦታ ያለው።
ራም፦ ሠላሳ ሁለት ጊጋ።
ግራፊክስ ካርድ፦ መካከለኛ ይበቃል። የኔ ጨዋታ ተኩስ የለበትም፤ ከተማ ነው የምሠራው። መንገድ፣ የውሃ መስመር፣ ትምህርት ቤት። ሕዝቡ ሲበዛ የሚደክመው ፕሮሰሰሩ ነው።
ኬዝ፦ ሰፊ፣ የአቧራ ማጣሪያ ያለው። የጉለሌ አቧራ እንግዳ አይደለም፣ ባለቤት ነው። የሚያብለጨልጭ መብራት አልፈልግም።
ፓወር ሰፕላይ፦ ከባዱ፣ ስም ያለው። ከሁሉም በፊት እሱ!

የመጨረሻዋን ሁለቴ አሰመርኩባት። የድሮውን ኮምፒውተሬን ያሳጣኝ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ነው። ባለፈው ረመዳን መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ በዝቶ መጣ፤ ጧ አለ፣ የተቃጠለ ሸተተ፣ ከነማዘርቦርዱ ከነምኑ ሄደ። ውስጡ እማዬ ወደ አኼራ ከሄደች ጀምሮ የሠራሁት ከተማ ነበር። አራት ዓመት። ያኔ ቤቱ ውስጥ መቀመጥ ሲያቅተኝ የምቀመጥበት ቦታ እሱ ነበር። ለጨዋታ አለቀሰች እንዳልባል መታጠቢያ ቤት ገብቼ ነው ያለቀስኩት።

አሁን አሥር ዓመት የሚኖር ነው የምፈልገው። ያሲን ዝርዝሩን ሲልከው አብሬው ቆሜ አየሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አባባ ራሱ አልተናገረኝም፤ ሰአዳን ላከብኝ። ታላቅ እህቴ ናት። አግብታ በሁለተኛ ዓመቷ ተመልሳ መጣች፤ አሁን ሽሮ ሜዳ የአባባ ክር መሸጫ ውስጥ አብራው ትውላለች።

ልብስ እያጠፍን ሳለ ጀመረችኝ። «ከዚያ ቤት ስወጣ በእጄ የነበረው ወርቄ ብቻ ነው። አምባሬን አንድ አንድ እያልኩ ሸጬ ነው ቀና ያልኩት። ያንቺን ኮምፒውተር በአምስት ዓመቱ ማን ይገዛሻል?»

ልክ ናት። ወርቅ ሲያረጅ ወርቅ ነው፤ የኔ ፕሮሰሰር በአምስት ዓመቱ አሮጌ ይባላል።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ «ለመፋታት አይደለም የማገባው» አልኳት።

«እኔስ ለመፋታት ነበር ያገባሁት?»

ምላሴን በቆረጠው! ይቅርታ እስክላት ሦስት ጊዜ ሻይ አፈላሁ። እሷ ናት መጨረሻ ላይ የተናገረችው። ትዳሯን ያፈረሰው ትልቅ ነገር እንዳልሆነ ነገረችኝ፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ብላ አታውቅም። «በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር ቅር አለኝ፤ ደስታውን አላበላሽም ብዬ ዋጥኩት። ከዚያ መዋጥ ለመድኩ። እሱም እኔ ስውጥ ማየት ለመደ።»

ምን እንደነበር አልጠየቅኳትም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ከሥራ በቀጥታ ወደ ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። ታክሲው ውስጥ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ አባባን ሳየው ጠፋኝ። ሰአዳ ለአንድ ሸማኔ ክር እየመዘነች ነበር። አባባ በርጩማ ሳበልኝ።

«እስቲ ንገሪኝ» አለኝ። «ከዚያ ሁሉ ዕቃ ድሩ የቱ ነው?»

ሦስት ቀን ሙሉ ሲያስብበት እንደከረመ ገባኝ። ልቤ ቀለጠ። ድሩ ፓወር ሰፕላዩ ነው አልኩት፤ ከግድግዳ የሚመጣውን መብራት ተቀብሎ ለሌሎቹ እየለካ የሚያድለው ሳጥን። እሱ ደካማ ከሆነ ሌላው የፈለገውን ያህል ቢያምር አንድ ቀን አብሮ ይቃጠላል።

«ድሩ ከተበጠሰ ጥለቱ ምን ሊሆን ነው» አለ ለራሱ። ቀጠለና ስለ እማዬ መህር ነገረኝ። አንዲት ላም ነበረች። ወሎ፣ አጎቱ ዘንድ ቀረች። «እናትሽ አንድ ቀን ወተቷን አልቀመሰችም። የሷ ነበረች፤ ግን በቃል ብቻ። እሷ ምንም ብላኝ አታውቅም፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።»

ስለዚህ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። ኮምፒውተር ተብሎ በደፈናው አይጠራም፤ ዝርዝሩ አንድ በአንድ ሼሁ ፊት ይነበባል። ደግሞ ከእሑድ በፊት እጄ ይገባል። «አንቺው አይተሽ ሙሉ ነው በይኝ። ሙሉ ነው ካልሽኝ እጠራዋለሁ። ካልሽኝ ብቻ።»

ከሱቁ ስወጣ እግሬ መሬት አልነካም። ለያሲን ደውዬ ጮኽኩበት፤ እሱም ጮኸ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

የአክስቱ ልጅ በሰላም ገብቷል። አልሐምዱሊላህ። ዕቃው ነገ ከጁምዓ በኋላ ይመጣል።

ሥራ ቦታ ሁለት ካርድ አቀያየርኩ። አለቃዬ «ሙሽራ ስለሆንሽ ነው የምምርሽ» አለችኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል ዋለ። ያሲን ካርቶኖቹን ተሸክሞ በጭሱ መሃል እያሳለ መጣ፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ፊቱ ግን በራ። ሳሎን ምንጣፉ ላይ ደረደርናቸው። ፕሮሰሰሩ የታሸገ ነው። ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ካርዱ፣ ሁሉም ያልኩት ነው። ኬዙም አያብለጨልጭም፣ ማሻአላህ።

የመጨረሻውን ካርቶን አነሣሁ። ቀለለኝ። ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ያነሣሁ ነው የመሰለኝ። ፓወር ሰፕላይ መቅለል የለበትም። ከፈትኩት። ያልኩት አይደለም። ስም የለበትም፤ ገመዱ ቀጭን ነው። ያኔ ጧ ካለው ጋር መንትያ ነው።

ሳልጠይቀው ራሱ ነገረኝ፣ ደስ እያለው። «ሻንጣው ኪሎ አለፈ። ከሁሉም የከበደው እሱ ነበር። የመብራት ነገር እዚህም ሞልቷል ብዬ አስቀረሁት፤ እዚሁ ገዛሁልሽ። በሱ ቦታ ይቺን አስገባን» ብሎ ፌስታል ሰጠኝ።

የሙሽራ ልብስ ነው። ወይን ጠጅ፣ እጅጌው እስከ ጫፉ በእጅ የተጠለፈ። ባለፈው በስልኩ አሳይቶኝ «ያምራል» ብዬው የነበረው። ልብ ብሏል ማለት ነው።

ምን ይባላል? «ማሻአላህ፣ አላህ ይስጥህ» አልኩት። ውሸት አይደለም። ግን ሌላውን ቃል ዋጥኩት።

አባባ ዐስር ሰግዶ ሲመለስ ካርቶኖቹን አየና «ሙሉ ነው?» አለኝ። ያሲን ፈገግ ብሎ እኔን ይጠብቃል።

«ገና በደንብ አላየሁትም» አልኩ።

አይቼዋለሁ። በራሴ አፈርኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ጠዋቱን ራሴን ስሸነግል አሳለፍኩት። ከሠርግ በኋላ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ። ስታብላይዘር እናደርግበታለን። አንድ ቁራጭ ብረት ነው፤ ለዚህ ብሎ ሰውን በሠርጉ ዋዜማ ማሳፈር ምን ይሉታል? ግን ባለፈው ረመዳንም ያ ርካሹ ፓወር ሰፕላይ እንደሚቃጠል አስቀድሜ አውቅ ነበር እኮ፣ ዝም አልኩት እንጂ።

ሂና ሊቀቡኝ ሴቶቹ መጡ። ሁለቱም እጄ ተቀብቶ እስኪደርቅ ተዘርግቶ ሳለ ለሰአዳ ነገርኳት፣ በሹክሹክታ። ትመክረኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ስልኬን ከትራስ ሥር አውጥታ የያሲንን ቁጥር ደወለችና ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ። በእጄ ምንም አልነካ፣ ማምለጫ የለኝም።

«ያሲኔ፣ መብራቱን የሚያድለው ዕቃ ያልኩት አይደለም» አልኩት። «መህሬ ሙሉ አይደለም።»

ከኋላው የሱቁ ሰዎች ስለ መጋረጃ ዋጋ ሲከራከሩ ይሰማኛል።

«ልብሱን አልወደድሽውም?»

«በጣም ወድጄዋለሁ። ግን ልብሱ መህሬ አይደለም።»

«ነገ እኮ ነው። አሁን ከየት አመጣለሁ? እ... ማለቴ ሽማግሌዎቹ፣ እናቴ፣ ያ ሁሉ ሰው...»

«ነገ አምጣው አላልኩህም። ሙሉ አይደለም ነው ያልኩህ። አባባ ሲጠይቀኝም እንደዚሁ ነው የምለው። ከሱ ከምትሰማ ከኔ ስማው ብዬ ነው።»

«እሺ» አለና ዘጋው።

ያሲንን ስንት እሺ ሲል ሰምቼዋለሁ፤ ይህንን አላውቀውም። አልቅሼ ነበር፤ እንባዬን በእጄ መጥረግ ስለማልችል በነጠላዋ ጠረገችልኝ።

አመሻሽ ላይ ለአባባ ነገርኩት፦ «ሙሉ አይደለም፣ ድሩ ይጎድላል።» ኮፍያውን ደፍቶ ለመግሪብ ወጣ። ነገ ምን እንደሚል አላውቅም። ያሲን ከዚያ ወዲህ አልደወለም። ይመጣ ይሆን?

እሑድ፣ ኅዳር 14

መኪናው ሊወስደኝ እየመጣ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ልጻፍ።

መጣ። ከነቤተሰቡ፣ በሰዓቱ። ወንዶቹ ሳሎን፣ እኛ መኝታ ቤት፤ በመካከላችን በሩ ገርበብ ብሏል። በሩ ጋ ተጠግቼ ነበር የማዳምጠው።

ሼሁ «መህሯ ምንድን ነው?» አሉ። አባባ ወረቀቱን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። ፕሮሰሰርን «ፕሮሶሰር» አለው። ማዘርቦርድ ላይ ሲደርስ አንድ ሽማግሌ ሳል መጣበት፤ ሳቅ መሆኑን ሁላችንም አውቀናል። አባባ ግን እንደ ዱዓ ረጋ ብሎ ነው የሚያነበው። የመጨረሻው ላይ ደረሰና ቆመ።

ያኔ የያሲንን ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ላይ ደከም ያለ ነበር፣ ኋላ ግን ጠነከረ። «የመጨረሻው አልገባም። ጥፋቱ የኔ ነው። እሷ አስምራበት ጽፋልኝ ነበር፤ እኔ ቀላል ነገር መስሎኝ በሌላ ተካሁት። ትናንት ነገረችኝ። ሼህ፣ በኔ ላይ ዕዳ ተብሎ ይጻፍልኝ፤ ራሱ የተባለው ዓይነት፣ ሌላ አይደለም። እስኪመጣ ድረስ ሙሉ ነው እንዳይባል።»

እናቱ ከጎኔ «ውይ ልጄ» ስትል ሰማኋት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ኧረ ለአንድ ዕቃ ብለህ ራስህን አታዋርድ» አለው። ሼሁ ግን «የታወቀ ነገር ነው፣ ይጻፍ» አሉ።

ከዚያ አባባ። ድምፁ ተሰበረ፤ እማዬ ስትሞት እንኳ እንደዚያ ሲሰበር አልሰማሁትም። «ልጄን በዚህ መህር ድሬልሃለሁ» አለ።

ዕቃዎቹ ጥግ ላይ በካርቶናቸው ናቸው፤ እንደዚያው ጭኜ ይዣቸው እሄዳለሁ። ቀጣዩ ሻንጣ መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። ኮምፒውተሩ ስንት ዓመት እንደሚኖር እኔም አላውቅም፤ አሥር ያልኩት በግምት ነው።

አባባ ያንን ከማለቱ በፊት ሁለቱ ምስክሮች በሩ ጋ መጥተው «ሰምተሻል? ወደሽ ነው?» አሉኝ። ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች፣ ዝምታዋ እሺታ ነው፣ ሁሌም እንደዚያ ነው የሚደረገው። እኔ «አዎ፣ ወድጄ ነው!» አልኩ፤ ሳሎን ድረስ ተሰማ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ሰአዳ ብቻ አልሳቀችም፤ «አልዋጥሽውም» አለችኝ።