ሙዚቃው የሚቆምባት ትንፋሽ

ለምወድሽ ልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስ፤ ያለሽበትን እኔ ባላውቅም እሱ መንገዱን ይፈልግ። ጤናሽ እንዴት ነው? እህል በደንብ ትበያለሽ? ያ የጉሮሮ ሕመምሽ ተወሽ ወይስ አሁንም ብርድ ሲነካሽ ይነሳብሻል? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ደብዳቤን በውሸት መክፈት ደስ ስላላለኝ ተውኩት። ወገቤ ደህና ነው። ጎማ አሁንም ይተነፍሳል፣ እኔም አሁንም እለጥፋለሁ። ከተማችን ቾሉቴካ እንደምታውቂያት ናት፤ ከቀትር በኋላ ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም። ጎረቤታችን ዶኛ ኦቲሊያ ከአጥሩ ማዶ አጎንብሼ ስጽፍ አይታኝ፣ ለማን እንደሆነ ሳልነግራት፣ «ለምትጽፍለት ሰው ሰላም በልልኝ» ብላለች። ከዚህ በቀር ደህና የሆነ ነገር የለኝም።

ወደ ሰሜን ስትሰደጂ ከታፓቹላ ደውለሽ ድንበሩን ተሻግሬያለሁ፣ ሥራ እንዳገኘሁ እደውላለሁ ካልሽኝ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም። ስልክሽ መጀመሪያ ይጠራ ነበር፤ ኋላ መጥራቱንም ተወ። ያልጠየቅሁት ሰው የለም። ወደ ሰሜን የሚያልፍ የጭነት መኪና ጎማው ሲፈነዳ እኔ ዘንድ አይደል የሚቆመው? ክሪኩን ከማንሳቴ በፊት ፎቶሽን ለሾፌሩ አሳየዋለሁ። ደጉ ሾፌር ደጋግሞ ያያል፤ ሌላው ጎማዬን ሥራልኝ ይላል። ሁለቱም ግን አላየኋትም ብለው ይሄዳሉ።

ያኔ ነው ክፍልሽ ገብቼ ኮምፒውተርሽን የከፈትሁት። ገጽሽ እንደተከፈተ ነበር። «የጨው ቤት» ከሚባለው ከምትወጂው የቴሌቪዥን ድራማ ከዚህም ከዚያም ቆርጠሽ ዘፈን ላይ እያሰፈርሽ የምትሠሪያቸው ቪዲዮዎች፣ ሁሉም እዚያ ተደርድረዋል። ከሥራቸው አድናቂዎችሽ የት ጠፋሽ፣ አዲሱ መቼ ነው እያሉ ይጠይቃሉ። እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር የምጠብቅሽ።

አንቺ ነገርሽ ሲነካብሽ እንደማትወጂ አውቃለሁ። በሕይወት ካለች አንድ ቀን የራሷን ገጽ ማየቷ አይቀርም፣ ዕቃዬን ማን ነካው ብላ ተቆጥታም ቢሆን ብቅ ትላለች ብዬ አሰብሁ። ስለዚህ አንድ ቪዲዮ ሠርቼ በስምሽ ለቀቅሁት። ጉድ ነበር። የድራማው ኤሊሳንድራ በሩን ስትከፍት ዳሚያን ፈረስ ላይ ነው፤ በሩን ስትዘጋ ሬሳው ተገንዟል። ዘፈኑም ግማሽ ቃል ላይ ተቆረጠ። ልጆቹ፣ ንግሥቴ አሞሻል እንዴ፣ በእግርሽ ነው የሠራሽው እያሉ ጻፉ። እኔም ጢሜን እያከክሁ «ይቅርታ ውዶቼ፣ ትንሽ ጉንፋን ይዞኝ ነው» ብዬ መለስሁ። አንቺ ግን አልመጣሽም። ሌላ ሠራሁ፤ አሁንም አልመጣሽም።

ማንነቴን የደረሰችበት ዩሌይሲ ብቻ ናት። ታውቂያታለሽ፣ ፔሩ ታራፖቶ ውስጥ መድኃኒት ቤት የምትሠራው፣ የአድናቂዎቹ ሁሉ አለቃ። ላመሰገነችኝ ነገር እግዜር ይስጥሽ ልጄ ብዬ ብመልስላት፣ ይቺ ልጅ እንዲህ አትናገርም፣ አንተ ማን ነህ አለችኝ። እውነቱን ነገርኋት። ከዚያ እየደወለች ታስተምረኝ ጀመር። ጎማ ለጣፊነቴን ይዛ፣ «ዶን ጎሚስታ፣ ይሄ ጎማ አይደለም፣ ቀስ በል፤ ሰውየው ተናግሮ ሳይጨርስ አፉን አትዝጋበት» ትለኛለች። ስትቆጣ እናትሽን ትመስላለች፤ ነፍሷን ይማርና።

እንዲህ ሆኖ ዓመት ሞላ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ወደድሁት። ሥራ በማይኖርበት ሰዓት፣ በዚያ በሚያቃጥለው ቀትር፣ ወንበርሽ ላይ ቁጭ ብዬ ስቆርጥና ስቀጥል ቢያንስ መንገዱን አላይም። መንገዱን ሳይ ነው የማብደው። የአንቺን ሥራዎች ደግሞ እያስቆምሁ፣ ወደ ኋላ እየመለስሁ አጠናኋቸው። እንባ ሊወርድ ሲል ትቆርጪዋለሽ፤ ሲወርድ አታሳዪም። ሌሎቹ ልጆች መሳሳም ላይ ሲሽቀዳደሙ አንቺ የሚሄድ ሰው ጀርባ ትወጃለሽ። በር ሲዘጋ ሙዚቃውን ለአንዲት ትንፋሽ ታቆሚውና ትመልሺዋለሽ። ልጆቹ ይቺን «ትንፋሿ» ይሏታል። ቁርስ አብረን እየበላን ስንት ዓመት ስንኖር ይህን ሁሉ ስለ አንቺ አላውቅም ነበር። የሚሄድ ሰው ጀርባ ለምን እንደምትወጂ የምጠይቅሽ ሰዓት ይስጠኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ድራማው ያለቀበት ቀን በየዓመቱ ሲመጣ የምትጫወቱትን ጨዋታ ታስታውሻለሽ። ሁሉም ያለ ስም አንዳንድ ቪዲዮ ለዩሌይሲ ይልካል፤ እሷ ደባልቃ ታወጣዋለች፤ ሌላው በአቆራረጡ አይቶ የማን እጅ እንደሆነ ይገምታል። እሁድ ስም ይገለጣል። መታወቅ ያልፈለገ ዝም ይላል፤ ዩሌይሲም አድራሻውን ታጠፋዋለች። ሕጉ እንዲህ ነው። እኔም ልኬ ነበር። ለእኔ የሰጡት ግምት፣ ይቺ ገና ጀማሪ ናት፣ አይዞሽ በርቺ የሚል ነው።

ከወጡት አንዱን ግን ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ ይሄማ የንግሥታችን ነው አሉ። የእኔ ማለታቸው ነው። ከየአገሩ እጅሽን ለየነው እያሉ እንኳን ደስ ያለሽ ይሉኝ ጀመር። ልጄ፣ እኔ ያንን ቪዲዮ አልሠራሁትም።

ከፍቼ አየሁት። ጥራት የለውም፤ ሰው ቴሌቪዥን ፊት ቆሞ በስልክ የቀረጸው ነው። የቴሌቪዥኑ ጠርዝ ይታያል፣ መስታወቱ ላይ የመጋረጃ ጥላ አለ። ኮምፒውተር የሌለው ሰው ሥራ ነው። ግን የኤሊሳንድራ እንባ ሊወርድ ሲል ተቆረጠ። ዳሚያን ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ። በሩ ተዘጋ፣ ሙዚቃውም ቆመ። በአንቺ የድሮ ሥራዎች እዚያ ላይ ምንም አይሰማም። እዚህኛው ላይ ግን የተቀረጸበት ክፍል ይሰማል። እዚያች ትንፋሽ ውስጥ አንድ ሰው ያንጎራጉራል።

የእናትሽ እሹሩሩ ነው። አስታወስሽው? መጨረሻው ላይ ሰው ሁሉ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እሷ ዝቅ ታደርገው ነበር። ዜማው እንዲያ አይደለም ስላት፣ እኔ ጋ እንዲህ ነው እያለች ትስቅብኛለች። እንዲያ የምታዜመው እሷ ብቻ ነበረች፤ ከእሷ የተማርሽው ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ። ያ ዜማ ለትልቅ ሰው እንደማይዜም እኔም አንቺም እናውቃለን። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ግን አላምንም። ዕድሜ ልኩን ብረት ሲቀጠቀጥበት የኖረ ጆሮ ምን ያውቃል? ዶኛ ኦቲሊያን ጠርቼ አሰማኋት። የጆሮ ማዳመጫውን አድርጋ ዓይኗን ጨፈነችና፣ ይሄ ቬንትሌተር ነው፣ ይልቅ ምሳ ብላ አለችኝ። ቶርቲያና ባቄላ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው፤ እንዳለ ቀዘቀዘ። ደጋግሜ ሰማሁት። አንዴ ሰው ይሆናል፣ አንዴ ቬንትሌተር ይሆናል። የመጣልኝ ደንበኛ ትቶኝ ሌላ ጎማ ለጣፊ ጋ ሄደ። የአንቺን ትንፋሽ መኮረጅ የሚያውቁ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ ከሚኮርጁት አንዱ እኔው ነኝ። እሹሩሩውን ግን ማን ይኮርጃል? ተስፋ ማጣቱንስ ለምጄው ነበር፤ የገደለኝ ይኼ ተስፋ ነው።

ዩሌይሲ ቪዲዮውን የላከውን ሰው ታውቃለች። ለመንኋት። አልቅሼ ለመንኋት። እምቢ ስትለኝ አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኋት፤ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ዶን ጎሚስታ፣ ዛሬ ስም ባወጣ ነገ ማንም ስሙን አያምነኝም። ተደብቆ መቆየት የፈለገ ሰው ምክንያት አለው። ደብዳቤ ግን አደርሳለሁ። ስትጽፍ ለሚያነብ ሰው ጻፍ።»

ለሚያነብ ሰው ጻፍ። ከትናንት ጀምሮ ይህችን ቃል እያገላበጥሁ ነው። እሁድ አድራሻው ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ዩሌይሲ ራሷ ብትፈልግ አታገኝሽም። ያለኝ መንገድ ይኼ ወረቀት ብቻ ነው። በስልክ ፎቶ አንስቼ ዛሬውኑ እልክላታለሁ።

ምናልባት የምታነቢው አንቺ ካልሆንሽ፣ የማላውቅሽ የሰው ልጅ ከሆንሽ፣ ይቅር በይኝ። የልጄን አቆራረጥ በሚገባ ተምረሻል፤ እጅሽ ይባረክ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ያንን ዜማ ማን አስተማረሽ? የሆነ ቤት አብራችሁ አድራችሁ፣ ስታንጎራጉር ሰምተሻት ከሆነ፣ የት እንደነበረ ንገሪኝ። ክፉም ቢሆን ንገሪኝ፤ እሸከመዋለሁ።

አንቺ ከሆንሽ ግን፣ ልጄ፣ ምንም አልጠይቅሽም። የት ነበርሽ፣ ከማን ጋር፣ ለምን ዝም አልሽ፣ እነዚህን ሁሉ እዚሁ ጥያቸዋለሁ። ሰፈሩ ምን ይላል ብለሽ ከሆነ፣ ሰፈሩ የራሱን ጉድ ተናግሮ አልጨረሰም። እኔን ፈርተሽ ከሆነ ደግሞ፣ የምትፈሪው ሰውዬ ዓመቱን ሙሉ በአንዲት ልጅ ስም «አመሰግናለሁ ውዶቼ» ሲል የከረመ ነው፤ ማንንም የማስፈራራበት አፍ የለኝም። መምጣት ካልቻልሽ አትምጪ። ከመጥፎዎቹ ቪዲዮዎቼ በአንዱ ሥር ገብተሽ፣ ይሄ ምን ዓይነት ቆሻሻ ሥራ ነው ብለሽ ጻፊ። ሌላ ቃል አያስፈልግም። ስድብሽን አውቀዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ጣሪያ ሥር ወጥቼ ያቺን ትንሿን ሀማካ አወረድኋት፤ እናትሽ አንቺን ታስተኛበት የነበረችውን የገመድ አልጋ። አቧራዋን አራገፍሁ፣ በሳሙና አጠብኋት፣ የላላውን ገመድ በአዲስ ቀየርሁ። ማንጎው ሥር፣ ጥላው ከቀትር በኋላም በማይለቅበት በኩል ነው ያሰርኋት። ዶኛ ኦቲሊያ፣ አንተ ብትተኛባት ከነዛፉ ትገነደሳለህ፣ ለማን ነው አለችኝ። ገመዱን ማጥበቄን ቀጠልሁ። እሷም ትንሽ ቆማ አየችኝና፣ ቤቷ ገብታ ንጹሕ አንሶላ ይዛ መጣች። ለሁለት አጥፋ ውስጧ አነጠፈችው።

የሱያፓዋ ድንግል እመቤታችን ባለሽበት ትጠብቅሽ። እንቅልፍሽን ትስጥሽ፣ ጡትሽን አታድርቅብሽ። ክንድሽንም፣ ክንድሽ የታቀፈውንም ክፉ አይንካው።

ስድብሽን የሚጠብቀው

አባትሽ