ስላንቺ የቆረቡ ልጆች

ውድ ስመኝ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ከጉንፋኔ በቀር ደህና ነኝ። ጉንፋኔ ግን እንዳላይሽ አድርጎኛል። ትናንት ገና ከኮሪደሩ ሳስነጥስ ነርሷ ሰምታ በእጇ ምልክት መለሰችኝ፤ እኔም ነርስ ነኝና ዞሬ ተመለስኩ። ስልክ እንዳልደውል ደግሞ ባለቤትሽ ዘርይሁን በመድኃኒቱ ምክንያት አፍሽ ቆስሎ መናገር እንዳስቸገረሽ ነገረኝ። ስለዚህ በዚህ ሁሉ የጓደኝነታችን ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታቋርጪኝ ላወራሽ ነው። ደብዳቤውን የታጠበ ቢጃማሽን ሲያመጣልሽ አብሮ ያደርስልሻል።

ሐሙስ የለጋሹ መቅኒ እንደሚገባልሽ ስሰማ ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ። ከዚያ በፊት ግን በጸደዩ የሆነውን ልንገርሽ። ወጣቶቻችንን ለመቅኒ ለጋሽነት እንዳስመዘገብን ታውቂያለሽ፤ እንዴት እንደተመዘገቡ ግን አታውቂም። ያኔ አንቺ ራስሽን ቀና ማድረግ አቅቶሽ ነበር፤ እኔም ሳስቅሽ የምታስመልሺ እየመሰለኝ ተውኩት።

የወንድምሽ መቅኒ አይስማማም የተባለ ቀን ዶክተሯ ምን እንዳለችን ትዝ ይልሻል? የሚስማማሽ ሰው የመገኘት ዕድሉ ሰፊ የሆነው ከእናንተው ወገን ነው፣ በለጋሾች መዝገብ ላይ ግን የእናንተ ሰው በጣም ጥቂት ነው አለችን።  እኔ ወጥቼ የከተማው ባቡር፣ ስትሪትካሩ ውስጥ በሰው ፊት አለቀስኩ፤ በማግስቱ ደግሞ ነጠላዬን አጣፍቼ ያንቺ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አዎ፣ እኔ ጴንጤዋ።

ቀሲስ ኃይለማርያም በደንብ ተቀበሉኝ። መጀመሪያ የጠየቁኝ አጥንት ይሰበራል ወይ ብለው ነው። ለመመዝገብ የጉንጭን ውስጥ ጥጥ ባለው ቀጭን እንጨት መጥረግ ብቻ እንደሚበቃ ነገርኳቸው። የተገጣጠመ ሰው ቢጠራ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከክንዱ እንደ ደም እንደሚወሰድ፣ አንዳንዴ ደግሞ ተኝቶ ከዳሌው እንደሚቀዳ፣ የተወሰደው መቅኒም መልሶ እንደሚተካ አስረዳኋቸው። ራሳቸው ሊሰብኩልኝ ቃል ገብተው ለእሁድ ተቀጣጠርን።

እሁድ አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛዬን ዘርግቼ ጠበቅኩ። ቅዳሴው ሲያልቅ የመዘምራኑ ልጆች አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ተሰልፈው መጡ። ለመጀመሪያዋ እንጨቱን ስዘረጋላት ራሷን ነቀነቀች። ሁለተኛውም ነቀነቀ። ሦስተኛው ጭራሽ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ፈርተው ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ታውቂኛለሽ፣ ስናደድ አፌ አይያዝም። ስመኝ የእናንተ እህት አይደለችም ወይ፣ ለአንድ ጥጥ እንዲህ ከሆናችሁ መቅኒ ስትባሉ ምን ልትሆኑ ነው እያልኩ ወረድኩባቸው። ያቺ ቀጭኗ ጽዮን ካዳመጠችኝ በኋላ ነጠላዋን ከከንፈሯ ትንሽ ዝቅ አደረገች።

«እትዬ ውብአለም፣ ፈርተን አይደለም፤ ቆርበናል። እስከ ነገ ከአፋችን ምንም አይወጣም፣ ምራቅም ቢሆን። ሙሉ ኳየሩ የጾመውም የቆረበውም ለእትዬ ስመኝ ነው።»

ወንበሩ ላይ ዘጭ አልኩ። ለካ ቀሲስ ልጆቹን ስላንቺ ንስሐ አስገብተው ለቁርባን ሲያዘጋጁ፣ እኔ ደግሞ እነዚያኑ ልጆች ለዚያው ቀን ለጥጥ ሳዘጋጅ ነበር። እኔስ ጴንጤ ነኝ፣ ከየት አውቄ። እሳቸው ግን ሲሰሙ ራሳቸውን ይዘው፣ ካህን ሆኜ ይህን እንዴት ዘነጋሁት እያሉ ሳቁ። ልጆቹም ነጠላቸው ውስጥ ሆነው ሳቁ። እኔ ብቻ ነበርኩ የማለቅሰው።

ሌላ ቀን እንዳንል አዳራሻችሁ ለሰርግና ለክርስትና ተይዞ ነበር። የእኛን ፓስተር ኢሳያስን ስጠይቃቸው ከከተማው ዳር ስካርቦሮ ያለውን አዳራሻችንን ለረቡዕ ፈቀዱልን። ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም፤ ሩቅ ነው፣ ደግሞም የእኛ ቤት ነው። መጡ። በዚያ ዝናብ በሁለት አውቶቡስ መጡና በሩ ላይ ሲደርሱ፣ ስመኝዬ፣ ሁሉም ጫማቸውን አወለቁ። ልማድ ሆኖባቸው ነው። አያስፈልግም ልል ስል የእኛ ልጆችም እያዩዋቸው አንድ በአንድ ማውለቅ ጀመሩ። በካልሲ ተቀላቅለው ጉንጫቸውን ጠረጉ። የእኛ ሴቶች ቀኑ ረቡዕ መሆኑን ረስተው ፒዛ በቺዝ አዘው ነበር፤ ያንቺዎቹ የድንች ጥብሱን ብቻ በልተው፣ አመስግነው ሄዱ።

ልጄ ብሩህም ያን ቀን ተመዘገበ። በበጋው አንድ ማታ ከሥራ ገብቶ «ማሚ፣ ማች አደረግኩ፤ መቅኒዬ ለሰው ተስማማ» አለኝ። እልል ብዬ ስልኬን ላነሳ ስል ያዘኝ። የተነገረው ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነ ወንድ መሆኑን ብቻ ነው፤ አንቺ አልነበርሽም። ለራሴም ገርሞኛል፣ ከፋኝ። አንቺ እየጠበቅሽ ልጄ ለማላውቀው ሽማግሌ መርፌ ሊወጋ ነው ብዬ ተነጫነጭኩ። ብሩህ ጫማውን እየፈታ ቀና ብሎ አየኝ።

«እሱም እኮ ለሆነ ሰው እንደ እትዬ ስመኝ ነው» አለኝ።

 መቅኒውን ሊሰጥ በሄደበት ቀን ከጎኑ ተቀመጥኩ። ደሙ ከአንዱ ክንዱ ወጥቶ በማሽኑ አልፎ በሌላው ሲመለስ፣ እሱ ስልኩ ላይ ኳስ ሲያይ፣ እኔ የምችለውን ሁሉ ጸለይኩ። ትንሽ አጥንቱን አመመው፣ ደከመው፣ ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ላንቺ ለጋሽ ተገኘ የሚለው ዜና የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ወንድ። ከዚህ በላይ አልነገሩንም። ጫማቸውን ካወለቁት አንዱ ይሁን፣ ሌላ አገር ያለ ይሁን አናውቅም። እንደው ጴንጤ ሆኖ ከተገኘና አንቺ ቅዳሴ ላይ እጅሽን አንስተሽ መዝለል ከጀመርሽ ቀሲስ ኃይለማርያም እኔን ነው የሚከሱት።

ስመኝዬ፣ ሰሞኑን የማስበው ግን ስለ ልጁ እናት ነው። ስምሽን አታውቅም። ልጇ አጠገብ ተቀምጣ የክንዱን መርፌ እያየች፣ በሆዷ ማንም ሁኚ ብቻ ዳኚ እያለች ነው። አውቃለሁ፣ እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት። ሐሙስ መቅኒውን የያዘው ቀይ ከረጢት ሲሰቀልልሽ አትፍሪ። ከሰው ቤት የመጣ ልጅ ነው፤ እንግዳነት እንዳይሰማው አድርገሽ ተቀበይልን።

ጉንፋኔ እንደለቀቀኝ በርሽ ላይ ነኝ።

ያንቺው ውብአለም