ውድ ጎረቤቶቻችን

ስቲልዌል፣ ዌስት ቨርጂኒያ
ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2019

ልጄ ኮሪን፣

«ውድ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ተውኩት። ያቺን ቃል ማን እንዳበላሻት ትሰሚያለሽ። እንደምን ሰነበትሽ? እዚህ ቅጠሉ ረግፎ አልቋል፣ የሸለቆው መንገድ ጭቃ ሆኗል፣ ድመትሽም አርጅታም ቢሆን ወንበሬን አልለቅ ብላኛለች።

ደብዳቤ የምጽፈው ስልኬን ስለማታነሺ ነው። አልፈርድብሽም። የዛሬ ሁለት ዓመት ሐኪም መስዬ ደውዬ «አባትሽን ልቡን አሞታል፣ ቶሎ ድረሺ» ያልኩሽ እኔው ነኝ። ከኦሪገን ሦስት ቀን ነድተሽ ስትደርሺ ክራባቴን አስሬ፣ ወንዛችንን በሚበክለው ፋብሪካ ላይ ለጠራነው ሰልፍ ተዘጋጅቼ ጠበቅኩሽ። ሳቅኩም። አንቺ ሻንጣሽን ሳታወርጂ ተመለስሽ። እናትሽ ያን ዕለት «የምር ስትታመም ማን ይመጣልሃል?» አለችኝ። የታመመችው ግን እሷ ናት፣ ኮሪን። የምር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኤፕሪል የፋብሪካውን ቃል አቀባይ ሚስተር ፕሬስኮትን መስዬ ሬዲዮ ጣቢያ ደወልኩ። ዕድሜ ልኩን ቲያትር ሲያስተምር የኖረ ሰው የአንድ ቃል አቀባይ ድምፅ አያቅተውም። «ውድ ጎረቤቶቻችን» አልኩ፣ እሱ እንደሚያደርገው ቃሏን እየጎተትኩ፤ «ወንዛችሁን በክለናል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ከተራራው ንጹሕ ውሃ እናመጣላችኋለን።» በማግስቱ እውነተኛው ፕሬስኮት ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ ይቅርታ እንዳልጠየቁና ንጹሕ ውሃም እንደማያመጡ ማስተባበል ግድ ሆነበት። አገር ሳቀ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ሸለቆ ሰው ሰላም ሲባባል እንኳ «ውድ ጎረቤቶቻችን» ሆነ። ውሃው አልመጣም፤ እኔ ግን ያሸነፍን መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ከረምኩ።

በሴፕቴምበር የፋብሪካው የኬሚካል ማጠራቀሚያ ተሰንጥቆ ወንዙ ውስጥ ፈሰሰ። ፕሬስኮት ራሱ በሬዲዮ ቀረበና «ውድ ጎረቤቶቻችን፣ የቧንቧውን ውሃ እንዳትጠጡ፣ እንዳታበስሉበትም» አለ። ጎረቤታችን ኦፓል ወዲያው ለእናትሽ ደውላ «ሰማሽው ባልሽን? ዛሬ ደግሞ ጉንፋን ይዞታል» አለቻት። እናትሽም «አይ ኤሜት፣ ሄዶም አያርፍ» ብላ ማንቆርቆሪያውን ሞላች። በየበሩ ማስጠንቀቂያ ተለጠፈ። ኦፓል ይህም የእኔ ሥራ መስሏት ለማስታወሻ ብላ አጣጥፋ አስቀመጠችው።

እኔ ፒትስበርግ ነበርኩ፤ ፕሬስኮትን እንዴት እንደሚመስሉ ወጣቶችን ሳስተምር። ማታ ስደውልላት «ዛሬስ ራስህን በለጥክ» አለችኝ። ስለ ንግግሬ የሰማች መስሎኝ አመሰገንኳት። አመሰገንኳት፣ ልጄ። ይህቺ ነገር ከአፌ አትጠፋም፣ ምግብ እንኳ ስበላ።

እስክመለስ አራት ቀን ጠጣችው። ኩላሊቷ ድሮም ደካማ እንደነበር ታውቂያለሽ፤ አሁን ሁለቱም ሥራ አቁመዋል። ሐኪሙ ውሃው ነው አይልም፤ አይደለምም አይልም። ፋብሪካው አስጠንቅቄያለሁ ይላል፣ እሱም እውነቱን ነው። ለክስ ያነጋገርኩት ጠበቃም ስሜን ሲሰማ ፈገግ አለና «ማስጠንቀቂያቸውን ሰው እንዳያምን ያደረገው ማን ሆነና?» ብሎ ሸኘኝ።

ባለፈው ሳምንት ነርሷ ደውላልሽ ነበር። «አባዬ፣ ድምፅህን ጥሩ አቅጥነኸዋል፤ አሁን ግን በቃህ» ብለሽ ዘጋሽባት። ምስኪኗ ነርስ ስልኩን እንደያዘች ቀረች። ለእናትሽ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ደሟን የሚያጣራላትን ማሽንም በቃኝ ብላለች፤ በዚህ ወር መጨረሻ ያለውን የምስጋና ቀን እንደማታይ ሐኪሙ ነግሮኛል።

እንደማታምኚኝ አውቃለሁ። በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም።

ትናንት ከዚህ ደብዳቤ ግርጌ አንዲት ቃል እንድታሰፍርልሽ ብዕር አስያዝኳት። ጣቷ አልታዘዝ አላት። የእሷን የእጅ ጽሕፈት አሳምሬ እንደምቀዳ ታውቂያለሽ፤ ከትምህርት ቤት ስትቀሪ ስንቱን ፈቃድ በስሟ ፈርሜልሻለሁ። ሌላ ወረቀት ላይ «ነዪልኝ፣ እናትሽ» ብዬ ሞከርኩት። ቁርጥ የእሷ ሆነ። ብልከው ኖሮ ዛሬውኑ መንገድ ትጀምሪ ነበር። ረዘም ላለ ጊዜ አየሁትና ቀደድኩት። ቦታዋን ባዶውን ትቼልሻለሁ።

ብትመጪም ባትመጪም እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ክፉ አይንካሽ፣ የምትጠጪው ውሃ ንጹሕ ይሁንልሽ።

አባትሽ
ኤሜት ስቲልትነር
(ሌላ ማንንም አይደለሁም)

ከእናትሽ፦