የዓይን ሐኪም ቤቱን መንገድ ራሴ አንብቤ አገኘሁት

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ለወንድም ጋሼ፤

ለጤናህ እንደምን አለህልኝ? ጉልበትህስ? ወገብህስ? ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ቀድሞ የሚያውቀው ትከሻህስ እንዴት ነው? ሚስትህ፣ ልጆችህ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደምን ከረማችሁልኝ? ስለ ዓይንህ አሁን አልጠይቅም፤ እሱን ቆይቼ በሰፊው እመጣበታለሁ። እኔ ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልሆንኩም። ወፈርኩ እንጂ አልከሳሁም፤ የማያውቀኝ ሰው ሲያየኝ የምተኩስበት የልብስ ማጠቢያ ቤት ባለቤት እመስለዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔው፣ በገዛ እጄ! ካላመንክ የሚያነብልህን ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን ጠይቀው። መስመሬ እንደ እሱ ስፌት እንዳልተጣመመ አይቶ ይመስክር። ልብስ ሰፊው፣ እንዳትቀየመኝ፤ ቀልድ ነው። ግማሹ።

የማታ ትምህርት ከጀመርኩ ይኸው ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቀን ሙሉ አንሶላ በካውያ ስተኩስ እውልና፣ አመሻሹ ላይ ከጀርባችን ወዳለው ትምህርት ቤት ሄጄ ቀን ልጆች በሚቀመጡባት ወንበር ላይ ጉልበቴን ከአገጬ አጋጥሜ እቀመጣለሁ። ከክፍሉ አንደኛ ነኝ። ይህን የምለው እኔ ብቻ ብሆንም እውነት ነው። አስተማሪያችን ገና ጢሙ ያልጠና ጎረምሳ ነው፤ ሲቆጣ ግን አባታችንን ቁጭ። አንድ ቀን ታዲያ፣ «ፊደል መቁጠር ብቻውን አይበቃም። እሑድ እሑድ ገብታችሁ ወደማታውቁት ቦታ ግቡ፣ የተጻፈውን አንብቡ፣ መጥታችሁ ለክፍሉ ንገሩ» ብሎ አዘዘን።

ይህን ከተማ ይህን ያህል ዘመን ኖሬበት፣ ለካ የማውቀው ከቤቴ እስከ ካውያዬ ያለውን መንገድ ብቻ ኖሯል። ድሮ መንገድ የምይዘው በምልክት ነበር፤ ቢጫው ግንብ ጋ ወደ ቀኝ፣ የተሰበረው ቧንቧ ጋ ወደ ግራ። ግንቡን ሰማያዊ የቀቡት ለት እስከ ምሳ ሰዓት ስዞር ዋልኩ። አሁን ግን ከፈለጉ ከተማውን በሙሉ ጥቁር ይቀቡት! የመንገዱ ስም ጥጉ ላይ ተጽፏል፣ እኔም አነበዋለሁ። ዳቦ ቤቱን አነባለሁ፣ ፀጉር ቤቱን አነባለሁ። አጥር ላይ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚለውን እንኳ ሳላነብ አላልፍም፤ የሚመለከታቸው ሰዎች ግን ያው አጠገቡ ቆመውም አያነቡትም።

በመጀመሪያው እሑድ አብራኝ የምትተኩሰውን ጓደኛዬን ይዤ ወጣሁ። ባቡር ነው የምንላት፤ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ከሩቅ ስለሚሰማ። ከአደባባዩ ማዶ ወዳለው ትልቅ ሕንፃ ገባን። ምን እናያለን! አዳራሽ ሙሉ ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ትንፍሽ የሚል የለም። አንዷ ዓይኗን ትጠራርጋለች። ባቡር ክንዴን ጨምድዳ «ውይ፣ ለቅሶ ላይ ገባን መሰለኝ» አለችኝ። እኔም የሰው ልጅ ነኝና ሻሼን አስተካክዬ፣ ቀስ ብዬ አንድ ሽማግሌ አጠገብ ቁጭ አልኩና «እግዜር ያጽናዎት» አልኳቸው። ደንግጠው ቀና አሉና «ማን ሞተ?» አሉኝ። «እኔ ምኑን አውቄ፤ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት እንጂ!» አልኳቸው። ሽማግሌው መጽሐፋቸውን አፋቸው ላይ ደፍተው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ቤተ መጻሕፍት ኖሯል፣ ወንድም ጋሼ!

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ጽሑፍ አየሁ። ጽሑፍ አይቼ ማለፍ ደግሞ አልችልም፤ ማንበብ የሚሆንልኝም በድምፅ ነው። ጣቴን ቀስሬ፣ ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ «ፀጥታ ይከበር!» ብዬ አዳራሹን አናጋሁት። ሰው ሁሉ ቀና አለ። የቤተ መጻሕፍቱ ጠባቂ እየሮጠች መጥታ «እማማ፣ እሱ እኮ ለእርስዎ ነው የተጻፈው» አለችኝ። «ለእኔ ብላችሁ ከጻፋችሁልኝማ ክብረት ይስጥልኝ» ብያት ወጣሁ። እማማ ማለቷ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሽማግሌው ሳቃቸውን ሊጨርሱ ተከትለውን ወጡ። በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን ስንጫወት፣ ጡረታ የወጡ መካኒክ መሆናቸውን ነገሩኝ። ሳያቸው መነጽር እንኳ አላደረጉም። «እንዲህ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ በዚህ ዕድሜዎ እንዴት አነበቧት?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ የገዛ ጣቴን መቁጠር አቅቶኝ ነበር። ሐኪሞች የዓይን ሞራ ነው ብለው አወጡልኝ» አሉኝ። ያኔ ሐኪም ቤቱ የት እንደሆነ ደጋግሜ ጠየቅኳቸው። ባቡር «ምን ሆንሽ?» ትለኛለች፤ እኔ አንተን ነበር የማስበው።

እንግዲህ ወደ ዓይንህ መጣሁ። ልብስ ሰፊው፣ ከዚህ ወዲያ ያለውን ቃል በቃል አንብብለት፤ አንተ ብታዝንለትም አትዝለልበት።

ባለፈው እንጨት ጭኖ የመጣው ሹፌር የሚስትህን መልእክት አድርሶኛል። አንተ «ዓይኔ ደህና ነው፣ ቤቱ ነው የጨለመው» ትላለህ አሉ። ወንድም ጋሼ፣ ቀትር ላይ የሚጨልም ቤት የት አገር አለ? የሠራኸው የወፍጮ ቤት በር አልገጥም ብሎ፣ አንተ እንዳትሰማ ሌላ አናጢ ጠርተው አስላጉት። የጎረቤትህንም መስኮት እንዲሁ። ሰው ሁሉ ስለሚወድህ ዝም አለ። በፊትህ «እጅህ ይባረክ» ይልሃል፤ ዞር ስትል መላጊያ ያነሣል። ሚስትህን እንዳትቆጣት፤ እያለቀሰች ነው የነገረችው። እኔም ይህን ሁለት ወረቀት ቀድጄ ነው የጻፍኩት። ግን ከእኔ ካልሰማኸው ከማን ትሰማዋለህ? ከቤት ስወጣ የሠራህልኝ ሳጥን ዛሬም አልጋዬ ሥር አለ፤ ጠርዙ ላይ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አይገኝበትም። ያንን የሠራ እጅ አልሰነፈም። እጅህ ምንም አልሆነም፤ የታመመው ዓይንህ ነው።

ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ሽማግሌው የነገሩኝን የዓይን ሐኪም ቤት ፍለጋ ሄድኩ። ማንንም ሳልጠይቅ! ከአውቶቡስ መናኸሪያው ተነሥቼ፣ የመንገዱን ጽሑፍ እያነበብኩ፣ አንተ የምትሄድበትን መንገድ ሄድኩት። በሩ ጋ ስደርስ አብራኝ የመጣችውን የባቡርን ክንድ ያዝኩና ዓይኔን ጨፍኜ ገባሁ፤ የቱ ደረጃ እንደሚያደናቅፍ ልወቅ ብዬ። ሁለተኛው ነው፤ ጫፉ ተሸርፏል። አንተን እንዳያደናቅፍህ እኔን አስቀድሞ አደናቅፎኛል። ሊፍት ውስጥ «እንደምን ዋላችሁ» ብዬ ገባሁ። የከተማ ሰው ሊፍት ውስጥ ሲሆን በሩ ላይ አፍጥጦ ዝም ነው። የመለሰልኝ አንድ ዓይኑ የታሸገ ሰውዬ ብቻ ነው። እዚህ አገር ሰላምታ ለማግኘት የግድ መታመም ያስፈልጋል ማለት ነው።

«ቢያበላሹትስ? አሁን ጥላውን እንኳ አያለሁ» እንደምትል አውቃለሁ። ዋሽቼ አላመጣህም። የሽማግሌው አንዱ ዓይን ጥርት ብሎ፣ ሁለተኛው እንደ ድሮው አልሆነላቸውም። ነርሷም «ሞራ ከሆነ ይወጣል፤ ሌላ ነገር ከሆነ ሳናየው አፋችንን ሞልተን አንናገርም። ግን በቆየ ቁጥር ስለሚከብድ አይዘግዩ» ብላኛለች። እጅህን ተይዘህ እንደ ሕፃን መመራቱም ያሳፍርሃል። እሱንም አስቤበታለሁ። እኔ ግማሽ እርምጃ ቀድሜህ እያወራሁ እሄዳለሁ፤ አንተ ድምፄን ተከትለህ ትመጣለህ። ዝም እንደማልል መቼም አንተ ምስክር ነህ።

ካርድ አውጥቼልሃለሁ፤ ቀጠሮህ ሐምሌ ሃያ ነው። መዝጋቢዋ ሥራህን ስትጠይቀኝ «አናጢ» አልኳት። «አሁንም ይሠራሉ ወይስ ትተዋል?» አለችኝ። «ይሠራሉ!» አልኩ፤ ከወረፋው ያለው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ እስኪያየኝ ድረስ። ከወጣሁ በኋላ ግን አፌ እንደቀደመኝ ገባኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጪው አንተ ነህ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ለሚስትህ፣ ያቺን የመሰለች ሴት፣ ጉንጯን አገላብጬ እስማለሁ በልልኝ፤ ስለ ነገረችኝም እግዜር ይስጥልኝ። ትልቋ ልጅህ በአባቷ ፈንታ ማገዶ መፍለጥ ጀመረች ሲሉኝ ኮራሁ፤ በጉልበቷ እኔን ነው የመሰለችው። ትንሹን በሁለት እጄ ወደ ላይ ወርውሬ ቀለብኩት በሉልኝ። ለአክስታችን፣ ጥርሷ ባይኖርም ሳቋ እንደማይጠፋ ስለማውቅ፣ የቤተ መጻሕፍቱን ታሪክ ደግማችሁ አንብቡላት። ልብስ ሰፊው፣ አንተም ድምፅህ አይድከምብኝ፤ ጉሮሮህን ውኃ አጠጣው።

ለአንተ ግን፣ ወንድም ጋሼ፣ ሰላምታ አልላክሁም። ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ከመናኸሪያው በር ላይ ይዤው እቆማለሁ፤ መጥተህ ውሰድ።

የማታ ተማሪዋ ታናሽ እህትህ

ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ፣ ከካውያው ጠረጴዛ ላይ ተጻፈ
ሰኔ 21 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ