ጋቢ ተከናንበው ያዩት ማኖ

ውድ መምህር አስናቀው፣

እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው። እኔ ግን ተናድጃለሁ። እንዲህ ከሆንኩ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ሰው ፊት መናገር እንደማይሆንልኝ እርስዎ ያውቃሉ፤ ስለዚህ በጽሑፍ ላድርገው አልኩ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ገና ሰባተኛ ክፍል ነኝና ፊደል ብገድፍ ይለፉኝ።

እዚህ ቡሬ፣ በእኛ ሜዳ ከጅጋ ልጆች ጋር የተጫወትን ቀን፣ ከደምበጫ ይመጣል የተባለው ዳኛ መኪና አጥቶ ቀረ። «መምህር፣ እርስዎ ያጫውቱ» ያሉዎት የጅጋው አስተማሪ ራሳቸው ናቸው። እርስዎ «የራሴን ተማሪዎች ዳኝቼ ሰው እንዲያማኝ አልፈልግም» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ግን ሌላ ሰው ስለጠፋ ፊሽካውን ያዙ። ደግሞም ቀላል ጨዋታ አልነበረም። ለእኛ አቻ ይበቃን ነበር፤ ጅጋዎች ግን ማሸነፍ ነበረባቸው። የሚያልፈው ቡድን ፍኖተ ሰላም ሄዶ ለዞን ይጫወታል።

ዜሮ ለዜሮ ሆነን፣ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ የጅጋዋ አምበል ያምሮት ኳሷን ወደ ጎላችን መታቻት። እኔ ከበረኛችን ከሰብሊ ፊት ቆሜ ነበር። ኳሷ እኔ ጋ ስትደርስ አቅጣጫ ቀይራ ወደ ውጭ ወጣች። በአንዴ ሜዳው «ማኖ! በእጇ ነካች! ማኖ!» ሆነ። እርስዎ እጅዎን አወዛውዘው «ቀጥሉ» አሉ።

ስልክ የሚጠግነው እንድሪያስ ከጎሉ ጀርባ ተቀምጦ ነበር። «መምህር፣ ቀርጬዋለሁ። ይመልከቱት፤ የእኛም ሜዳ ቫር አለው» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እርስዎ ግን አልሳቁም፤ «አምጣው» አሉት። ፀሐዩ ስክሪኑን አላሳይ ሲል የእኛ ሽማግሌ አባባ ገደፋው ጋቢያቸውን አውልቀው ሰጡዎት። እርስዎም ስልኩን ይዘው ጋቢውን ከነራስዎ ተከናነቡት። ከውጭ የሚታየን እግርዎ ብቻ ነበር።

«መምህር፣ እንቅልፍ ወሰደዎት ወይ?» አለ አንዱ።

«ተዋቸው፣ ንስሐ እየገቡ ነው» አለ ሌላው።

እንድሪያስ ሰባት ጊዜ እንዳዩት ነግሮናል። ሰባት ጊዜ ሲያዩ እኔ ከእርስዎ ስድስት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር።

ከጋቢው ሲወጡ ላብ በላብ ሆነው ወደ ፍጹም ቅጣት ምቱ ቦታ ጠቆሙ። የእኛ ሰዎች ሜዳ ገቡ፤ ጅጋዎችም ገቡ። ዱላ የያዘ ሰው ነበር። ያኔ አባባ ገደፋው ከጅጋው ሽማግሌ ከአቶ ስመኘው ጋር መሀል ገቡና እንደ ለመዱት ማስታረቅ ጀመሩ።

«ልጄ፣ እነሱ ነክቷል ይላሉ፣ እኛ አልነካም እንላለን። ማንም እንዳይከፋው መሀሉን እንያዝ። ከስንት እርምጃ ነው የሚመታው?» አሉዎት አባባ ገደፋው።

«ከአሥራ ሁለት፣ አባቴ።»

«ሃያ ይሁን።»

«እንዲህ ያለ ሕግ የለም እኮ፣ አባቴ።»

«እኛ ድንበር ስናካልል የኖርን ሰዎች ነን። ሰው ከተስማማ ሌላ ምን ሕግ ትፈልጋለህ?»

አቶ ስመኘው «ሃያማ በዛ፤ አሥራ አምስት» አሉ። አባባ ገደፋው «አሥራ ዘጠኝ» አሉ። በሬ የሚገዙ ነበር የሚመስሉት። በመጨረሻ አሥራ ስምንት ላይ ተስማሙ፤ እርስዎም አንገትዎን ደፍተው አሥራ ስምንት እርምጃ ቆጠሩ። ያምሮት ከዚያ ሩቅ ቦታ መታች፤ ሰብሊ ኳሷን ደረቷ ላይ ያዘቻት። አቻ ወጣን፤ አለፍን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ጅጋዎች እርስዎ ጋቢ የተከናነቡበትን ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ለቀው ሳቁብዎ። የእኛ ሰዎች ደግሞ ማለፋችን ሳይበቃቸው «አስናቀው ሊሸጠን ነበር» አሉ። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ነገር ብቻ ተስማሙ፤ እርስዎን በመስደብ።

መምህር፣ ኳሷ እጄን ነክታለች። የግራ እጄን ነው፣ ከአንጓው ትንሽ ከፍ ብሎ። እጄን ያነሳሁት ሻሼ ሊወድቅብኝ ስለነበር ነው። ግን ኳሷ ስትመጣ አይቻታለሁ። እጄን ለማውረድ ጊዜ ነበረኝ፤ አላወረድኩትም። ሆን ብዬ ተውኩት።

እንድሪያስ ቪዲዮውን እያዘገመ እስከ ዛሬ ሱቁ ደጅ ላይ ያሳያል። አንዱ «ትከሻዋ ነው» ይላል። ሌላው «እጇ ከሰውነቷ ርቋል፣ አይታይህም?» ይላል። «የሻሿ ጫፍ ነው እንጂ» የሚልም አለ። እኔ ሳሙና ልገዛ በዚያው አልፋለሁ። እጄ አብሮኝ ነው የሚያልፈው። አንድ ሰው እንኳ ዞር ብሎ «አንቺ፣ ነክቶሻል ወይ?» አይለኝም።

እርስዎም አልጠየቁኝም። ከሁሉ ያናደደኝ ይሄ ነው። ስልክ ሰባት ጊዜ ከማየት እኔን አንድ ጊዜ ማየት ይቀል ነበር። ቢጠይቁኝ እውነቱን እናገር ነበር ወይ? እሱን አላውቅም፤ ልዋሽዎ አልፈልግም። ሰብሊ ከኋላዬ ሆና «ትከሻዬ ነው በይ፣ ትከሻዬ ነው በይ» ትለኝ ነበር።

በሳምንቱ እሑድ ጅጋዎች ለእርቅ ትምህርት ቤታችን ሲመጡ ለእንግዶቹ ውኃ የማዞረው እኔ ነበርኩ። ሽማግሌዎቹ ነገሩ ከእንግዲህ እንዳይነሳ ወሰኑ። ጥፋቱ የስልኩ ነው፣ ስልኩን ያየው መምህሩ ነው ተባለ። እርስዎም ተነስተው «አጠፋሁ፣ ይቅር በሉኝ» ብለው የአቶ ስመኘውን ጉልበት ሳሙ። ምን አጠፉና? ያዩትን ነው የፈረዱት። ለምን ሳሙ? ያን ቀን በእርስዎም በጣም ተናድጄብዎታለሁ።

ያኔ እንደምንም ብዬ ወደ አባባ ገደፋው ጠጋ አልኩ።

«አባባ፣ ኳሷ እኮ እኔን...»

«ልጄ፣ በእርቅ ያለቀ ነገር አይነካም።»

«እውነቱን ልንገርዎ ብዬ ነው።»

«እውነትን ማን ጠላ? ዛሬ ግን ጊዜው አይደለም። በይ፣ ለእንግዶቹ ውኃ አዳርሺ።»

አዳረስኩ። ለእርስዎም ቀዳሁልዎት። ዓይንዎን ማየት አልቻልኩም።

ማክሰኞ ወደ ሰከላ፣ ወደ ቤተሰቦችዎ እንደሄዱና ዝውውር እንደጠየቁ ሰማን። ያን ቀን ለሰብሊ ሁሉንም ነገርኳት።

«ፍኖተ ሰላም ልንሄድ አራት ቀን ሲቀረን ነው ይሄን የምታወሪው?» አለችኝ። «ዓመት ሙሉ ትንፍሽ የማትይው ልጅ፣ ዛሬ ምን ነካሽ?»

ማሊያዬን አጥቤ ለርዕሰ መምህሩ መለስኩ። ምክንያቴን ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው። እሳቸውም «እርቅ ተደርጓል እኮ፣ ወይኒቱ» አሉኝ። ማሊያውን ለሌላ ልጅ ሰጡት። በዚህ አገር እንዲህ ነው መሰለኝ፤ ሰዎች ከታረቁ በኋላ የመጣ እውነት መቀመጫ አያገኝም።

እኔ እዚህ የሚሰማኝ አጣሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለእትዬ ፋናዬ ሰጥቻቸዋለሁ። ጅጋ ገበያ ውለው፣ ከዚያ ለጸበል እርስዎ ወዳሉበት ሰከላ፣ ወደ ግሽ ዓባይ ይሄዳሉ። የእትዬ ፋናዬን ነገር መቼም ያውቃሉ፤ ራሳቸው ማንበብ አይችሉም፣ የያዙትን ደብዳቤ ግን ባረፉበት ሁሉ ለተማረ ሰው እየሰጡ ያስነብባሉ። ለዚህ ነው ሰው ምስጢር ያለበትን ወረቀት ለእሳቸው መስጠት የሚፈራው። እኔ ደግሞ ለዚሁ ብዬ ነው የሰጠኋቸው። ፖስታውን አላሸግኩትም። ጅጋ ላይ ጠላ ቤት ይነበብ፤ ያምሮትም ትስማው። መንገድ ላይ የሚያድሩበት ቤት ይነበብ፤ ሰከላ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይነበብ። እርስዎ ጋ ሲደርስ ወረቀቱ ቢቆሽሽ አይዘኑብኝ፤ ብዙ ሰው ይዞት ይሆናል።

ይህን የምታነቡም ሆነ የምትሰሙ ሰዎች፣ መምህር አስናቀው በትክክል ነው የፈረዱት። ኳሷን በእጄ የነካሁት እኔ ነኝ።

ወይኒቱ መሐሪ
ተከላካይ የነበርኩ፣ ሁለት ቁጥር